ሲፕሮ በወተት

ታናሽ ወንድሜን ሚኪያስን ላድነው ነበር። አሳንሼ ልናገረው ብሞክር አልችልም፤ ነገሩ ይኸው ነው። ሁለቱም ኩላሊቶቹ ሥራ አቁመው ደሙ በሳምንት ሦስት ጊዜ በማሽን ይታጠባል። እኔ ደግሞ ተመርምሬ፣ ሁሉም ነገር ገጥሞ፣ አንዱን ኩላሊቴን እንድሰጠው ተፈቅዶልኝ ነበር። የቀረን ቀጠሮ ማስያዝ ብቻ ነበር። በዚህ መሃል እኔ ራሴ ታመምኩ፤ የምጽፍላችሁም ስለዚያ ሕመም ነው። ድኛለሁ፣ ተመስገን። ግን አንብባችሁ ስትጨርሱ "እንኳን ማረሽ" ከማለታችሁ በፊት ትንሽ ዝም ብትሉልኝ ደስ ይለኛል።

ልብስ ሰፊ ነኝ። ካዛንቺስ መንገድ ዳር ሱቅ ነበረችኝ፤ ሰፈሩ ሲፈርስ ማሽኔን አሸክሜ ባምቢስ አካባቢ አንድ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ገባሁ። ሕንፃው መስታወት በመስታወት ነው፤ በመልክ ማንም አይደርስበትም። ሽንት ቤቱ ግን ለፎቁ ሁሉ አንድ ነው፤ እሱም ይቆለፋል፤ ቁልፉ ደግሞ ምድር ቤት ጥበቃው እጅ ነው። እስቲ አስቡት፤ ደንበኛዬን ለልኬት አቁሜ፣ ሦስት ፎቅ ወርጄ፣ ከሰው ሁሉ ፊት "ጋሼ፣ ቁልፍ ይስጡኝ" ልል! እሺ አንዴ ይሁን፤ ሁለቴስ? ስለዚህ ዘዴ ፈጠርኩ፤ ውኃ አለመጠጣት። ጠዋት አንድ ብርጭቆ ሻይ፣ ከዚያ እስከ ማታ ምንም። የፋሲካ ቀሚስ በተከመረበት ሰሞን ደግሞ ሽንቴ ቢመጣም ይዤ መቀመጡን ለመድኩት። ብልጥ የሆንኩ መስሎኝ ነበር።

ቤታችን ቂርቆስ ነው፤ እኔ፣ እማዬና ሚኪ። እማዬ ከሰሜን መጥታ ነው እዚህ የወለደችን። አማርኛዋ ከሰፈሩ ሰው አይለይም፤ ስትደነግጥ ብቻ ትግርኛዋ ይቀድማታል። ሚኪ ካዛንቺስ አንድ ሆቴል ውስጥ እንግዳ ተቀባይ ነበር። ሸሚዙን እኔ የምሰፋለት፣ ጫማው የሚያብረቀርቅ፣ አፉ የማያርፍ ልጅ። ደም ግፊት እንዳለበት ሳያውቅ ግፊቱ ኩላሊቱን ጨረሰው። እማዬ "የኔን ውሰዱ" ብላ ቀድማ ቀርባ ነበር፤ ስኳር ስላለባት መለሷት። የዚያን ቀን ያለቀሰችውን ለቅሶ አባታችን ሲሞት እንኳን አላለቀሰችም። የኔ ውጤት ሲመጣ ግን ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ እልልታዋን አቀለጠችው፤ ነርሶቹ "እናቴ፣ ሕመምተኛ አለ" እያሉ ነው ያስቆሟት።

ከዚያ ወዲያ ሚኪ መቀመጫ መቆሚያ አሳጣኝ። ጠዋት ስነሣ "ኩላሊቴ እንዴት አደረች?" ይላል። ወጥ ላይ ጨው ሳበዛ "ኧረ በሰው ንብረት አትቀልጂ!" ይላል። መንገድ ስንሻገር ክንዴን ይዞ "ቀስ፣ ዕቃ ይዘሻል" ይለኛል። እኔም "እንደዚህ ካስቸገርከኝ ለሌላ ሰው ነው የምሰጠው" እለዋለሁ። ቤታችን ውስጥ ሳቅ የተመለሰው ያኔ ነው። ሆቴሉም "ስትድን ቦታህ አለ" ብሎት ነበር።

ሁዳዴ መሃል ላይ ሽንቴ ያቃጥለኝ ጀመር። ቶሎ ቶሎ ይመጣል፤ ስሄድ ጠብታ ናት፤ ጠብታዋ ግን እሳት ናት። ለእማዬ ነገርኳት። እሷም ሳታስብ፣ "ብርድ ነው። ስሚንቶ ላይ ተቀምጠሽ ይሆናል" አለችኝ። በኛ ሰፈር ሽንት ካቃጠለ ብርድ ነው፤ ወገብ ከቆረጠመም ብርድ ነው፤ ሆድ ከነፋም ብርድ ነው። ብርድ ደግሞ እንደ በሽታ አይቆጠርም። ለብርድ ብሎ ሐኪም ቤት የሚሄድ ሰው አይቼ አላውቅም።

ፋርማሲ ሄድኩ። ከኋላዬ ሁለት ወንዶች ቆመዋል። ድምፄን ዝቅ አድርጌ "ብርድ መትቶኝ ነበር" አልኩት ሻጩን። እሱ ድምፁን ከፍ አድርጎ "ስትሸኚ ያቃጥልሻል?" አለኝ። ወይ ጉዴ! መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ሲፕሮ አውጥቶ ሰጠኝ። የሐኪም ማዘዣ አልጠየቀኝም፤ እኔም ያስፈልጋል ብዬ አላሰብኩም። ሲፕሮ እኮ እኛ ቤት እንደ ዘመድ ነው። ተቅማጥ ሲይዘን እሱ፣ ታይፎይድ ሲሉን እሱ፣ ለጎረቤት ታዞ የተረፈውም መጨረሻው እኛ ጋ ነው። ሻጩ ስለ አወሳሰዱ የሆነ ነገር እየነገረኝ ነበር፤ እኔ ግን ከሰዎቹ ዓይን ለማምለጥ እየወጣሁ ነበር። ምን ብሎኝ እንደነበር ዛሬ ድረስ አላውቅም።

እማዬ ፍሬውን መዳፏ ላይ አገላብጣ አየችው። "ይሄማ ኃይለኛ ነው። አንጀትሽን ነው የሚልጥሽ። ወተት ይፈልጋል።"

"እማዬ፣ ጾም ነው እኮ።"

"ለመድኃኒት ነው፤ አባን እንጠይቃቸው።"

የንስሐ አባታችን አዛውንት ናቸው፤ ከሰው ጋር ክፉ መነጋገር አያውቁም። "ለመድኃኒት ከሆነ ፈቅጃለሁ ልጄ፤ ስትድኚ ትጾሚዋለሽ" አሉኝ። እኔ ግን ሁዳዴን ገድፌ አላውቅም ነበር። የመጀመሪያውን ብርጭቆ ስጠጣ እንባዬ መጣ። እማዬ ራሷ እየጾመች፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ሳትቀምስ፣ ወተቱን አፍልታ በፔርሙዝ ይዛ ባምቢስ ድረስ ታመጣልኝ ነበር። ሦስት ፎቅ በደረጃ ትወጣለች፤ ሊፍት ትፈራለች። ቁና ቁና እየተነፈሰች ቆማ ፍሬዋን በትኩስ ወተት ስውጥ ታየኛለች። "እሰይ፣ አሁን በሽታው የት ይገባል!" ትላለች። ሌላ ነገር ሁሉ ብረሳ ያንን ፊቷን አልረሳውም።

ጥቂት ቀን ቀለል አለኝ። ሲቀለኝ አቆምኩ፤ የተረፈውን ዚፕና ቁልፍ የማስቀምጥበት መሳቢያ ውስጥ ወረወርኩት። ማቃጠሉ ተመለሰ፤ የተረፈውን ጀመርኩ፤ በወተት። ቀለለኝ፤ ተመለሰ። በቃ እንዲህ ስንጫወት ሰነበትን።

በዚያው ሰሞን ከሆስፒታሉ የኩላሊት ንቅለ ተከላ ክፍል አንዲት ነርስ ደወለች። በየጊዜው እየደወለች ደህንነቴን የምትጠይቅ፣ በጣም ጥሩ ልጅ ናት። "ያመመሽ ነገር አለ?" አለችኝ።

"ኧረ ደህና ነኝ፤ ትንሽ ብርድ መትቶኝ ነው እንጂ።"

"ውይ፣ ይማርሽ። ማር በሎሚ ጠጪበት፤ ጉሮሮሽን በጨው ተጉመጥመጪ" አለችኝና ዘጋችው። ስልኩን አስቀምጬ፣ ማር በሎሚ ለሽንት ምን ያደርጋል ብዬ ትንሽ ገርሞኝ ነበር። ገርሞኝ አለፈ። መልሼ ብደውልላት ኖሮ እያልኩ ስንት ጊዜ ተንገበገብኩ!

ከዚያ ትኩሳት መጣ። ቀኝ ጎኔን ከጎድኔ ሥር በቡጢ የተመታሁ ያህል ያመኛል፤ እኔ ግን ማሽኑ ላይ ጎንበስ ብዬ ስለምውል ነው አልኩ። ሚኪ አልዋጥልህ አለው። አንድ ክሊኒክ ሄድኩ። አግዳሚው ላይ ከግማሽ ቀን በላይ ጠበቅኩ፤ ሕፃን ይጮሃል፣ ቴሌቪዥኑ ይጮሃል፣ ተራ ጠሪዋ ትጮሃለች። ከጎኔ የነበረች አንዲት የወልቂጤ ነጋዴ ሴት ራሴ ትከሻዋ ላይ ሲወድቅ አልገፋችኝም፤ ጭራሽ ስካርፏን አጥፋ አንገቴ ሥር አደረገችልኝ። ስሟን እንኳን አልጠየቅኳትም።

ሐኪሙ ወጣት ወንድ ነው፤ በሩ ገርበብ ብሏል፤ ሰው ይገባል ይወጣል። "ምንሽን ነው?" ሲለኝ "ያተኩሰኛል፣ ወገቤን ያመኛል" አልኩት። የሽንቱን ነገር አላነሣሁም። እየደበቅኩት አይደለም፤ ማለቴ፣ ማፈሩም ነበረ፤ ግን በኔ ጭንቅላት እሱ ብርድ ነው፣ ይሄ ደግሞ ሌላ በሽታ ነው። ደም ተወሰደ። "ታይፎይድ አለብሽ፤ ታይፈስም ጀማምሮሻል" አለኝ። እፎይ አልኩ! ስም አገኘሁለታ። ያዘዘልኝ መድኃኒት ደግሞ ሲፕሮ ነው። እማዬ ወተቷን ጣደች።

ሚኪ ፍሬዎቹን አይቶ ጮኸብኝ። "ለስንተኛ ጊዜ ነው ይሄ ሲፕሮ? ሽንትሽን ያየልሽ አለ? ለሆስፒታሉ ንገሪያቸው እንጂ ሰኒ!" እማዬ "አንተ ልጅ፣ ነገር አታክርር፤ ታማ ነው" አለችው። እሱ አልተወኝም። እኔም ትኩሳቱ አናቴ ላይ ወጥቶ፣ "ለኔ ነው የምትጨነቀው ወይስ ለኩላሊትህ?" አልኩት።

ያ አፉ የማያርፍ ልጅ ዝም ብሎ ወጣ። ከዚያ በኋላ ጠዋት "ኩላሊቴ እንዴት አደረች?" የሚለኝ ቀረ። ቃል ከአፍ ከወጣ ወዲያ መልሶ የሚውጥበት መንገድ ቢኖር የዚያችን ዓረፍተ ነገር እውጣት ነበር።

በጸሎተ ሐሙስ ሱቅ ነበርኩ። አንዲት ደንበኛ ቀሚሷን ለብሳ ቆማ ዳሩን እየሰካሁላት ሳለ መንቀጥቀጥ ያዘኝ። ቀላል እንዳይመስላችሁ፤ ጥርሴ ይጋጫል፣ የያዝኩት ስፒል ከእጄ ወደቀ። ሴትዮዋ ተሰፍቶ ያላለቀ ቀሚስ እንደለበሰች ደረጃው ላይ "የሰው ያለህ!" አለች። አዝሎ ያወረደኝ ቁልፍ የሚይዘው ጥበቃ ነው። ስንት ጊዜ በልቤ የረገምኩት ሰውዬ ጀርባው ላይ አድርጎኝ "አይዞሽ እህቴ፣ አይዞሽ" ይለኛል፤ እኔ ደግሞ ኮቱ ላይ አስመለስኩበት።

ሆስፒታል ገባሁ። እማዬ ፔርሙዟን እንደያዘች መጣች። ሚኪ ከእጥበቱ ቀጥታ መጣ፤ ክንዱ ላይ ፋሻው ገና አልተፈታም፤ ፊቱ አመድ መስሏል። አልጋዬ ጫፍ ላይ ቁጭ አለና "እንግዲህ ማን ማንን ይጠይቅ?" አለ። ሳቅ አልመጣልንም። በአልትራሳውንድ ሲያዩኝ ቀኝ ኩላሊቴ ውስጥ መግል ቋጥሯል። በረጅም መርፌ ቀድተው አወጡት። በደም ሥር የሚሰጥ ሌላ መድኃኒት ጀመሩልኝ። ሌሊት ሌሊት ሌላው ሲተኛ እኔ ጎኔን በእጄ ይዤ እጸልያለሁ። ሞት ትዝ አላለኝም፤ ለሱ የተሰጠችዋን እንዳላጠፋት ነው የፈራሁት። የትኛዋን ሊወስዱ እንደነበር እንኳን አላውቅም፤ ለሁለቱም ነበር የምጸልይላቸው።

ሽንቴን ካልቸር አሠሩት። ካልቸር ማለት ሽንት ውስጥ ያለውን ባክቴሪያ አሳድገው፣ መድኃኒቶቹን በየተራ እየሞከሩ የትኛው እንደሚገድለው የሚያዩበት ምርመራ ነው። ለጥቂት ቀን ይቆያል። ውጤቱ ሲመጣ ሐኪሟ አልጋዬ አጠገብ ወንበር ስባ ተቀመጠች። እኩያዬ የምትሆን፣ ረጋ ያለች ሴት ናት።

"ይቺ ባክቴሪያ ሲፕሮን ተላምዳዋለች። ምንም አያደርጋትም" አለችኝ። "ስንት ጊዜ ወሰድሽው?"

ነገርኳት። መሳቢያውንም፣ ታይፎይዱንም።

"በምን ነበር የምትውጪው?"

"በወተት" አልኩ። እንዲያውም ኮራ ብዬ፣ በጥንቃቄ እንደወሰድኩ ለማሳወቅ ነበር። "ጾም ነበር፤ አስፈቅደን ነው።"

እማዬ ከራስጌዬ ቆማለች። "ሥራሽ ምንድነው?" አለችኝ ሐኪሟ።

"ልብስ ሰፊ ነኝ።"

"እንግዲያው ይገባሻል።" እጇን ዘርግታ የእማዬን ነጠላ ዘርፍ ያዘችና አንዷን ክር በጣቶቿ ማክረር ጀመረች። "ክር ከመጠን በላይ ሲከርር ምን ይሆናል?"

"ይጠመዘዛል። ራሱ ላይ ይቋጠራል። መርፌ ውስጥ አያልፍም።"

"ባክቴሪያም ውስጧ ረጅም ክር አላት፤ ዲ ኤን ኤ የምንለው፤ የኑሮዋ መመሪያ ሁሉ ያለው እሱ ላይ ነው። ልትራባ ስትል ክሩን ትፈታዋለች። ከዚህ በኩል ሲፈታ ከፊቱ ያለው እየከረረ ይሄዳል። ካልላላ ሥራው ይቆማል። የሚያላላላት አንድ ኢንዛይም አለ፤ ሕዋስ ውስጥ ሥራ የሚሠራ ፕሮቲን ማለት ነው። ጃይሬዝ ይባላል። ክሩን ቆረጥ ያደርጋል፣ ሌላውን ክር በመሃሉ ያሳልፋል፣ የቆረጠውን መልሶ ይቀጥላል።"

"ጎበዝ ሰፊ ነው" አልኩ።

"ጎበዝ ነው። ሲፕሮ የሚይዘው እሱን ነው። ልክ ክሩን እንደቆረጠ ይይዘውና መልሶ እንዳይቀጥል ያደርገዋል። ክሩ እንደተበጠሰ ይቀራል፤ ባክቴሪያዋ ትሞታለች። ግን መድኃኒቱ በበቂ መጠን መድረስ አለበት። ወተት ውስጥ ያለው ካልሲየም ሆድሽ ውስጥ ከሲፕሮው ጋር ይጣበቃል፤ ብዙው ወደ ደምሽ ሳይገባ ያልፋል። ትንሽ ሲደርሳቸው ደካሞቹ ይሞታሉ። ጃይሬዛቸው ትንሽ ለየት ያለ፣ መድኃኒቱ በደንብ የማይዘው ካሉ ይተርፋሉ። ከዚያ የሚራቡት እነሱ ናቸው። አንቺ ደግሞ ደጋግመሽ..."

አልጨረሰችውም። እማዬ ከኋላ "ወይለይ" አለች፤ "ወይለይ ጓለይ።" ወይኔ ልጄ ማለቷ ነው። ፔርሙዙን ደረቷ ላይ አቅፋው ነበር። "እኔ ነኝ ያጠጣኋት። በጾም፣ በገዛ እጄ!"

ሐኪሟ ተነሥታ ያዘቻት። "እናቴ፣ ወተቱ ብቻ አይደለም። ያለ ምርመራ መጀመሩም፣ ማቋረጡም፣ ታይፎይድ መባሉም አለበት። ምናልባት ባክቴሪያዋ መጀመሪያውኑም የተላመደች ልትሆን ትችላለች። ማንም ይሄ ነው ብሎ ሊፈርድ አይችልም።" እውነቷን ነው። እማዬ ግን ከዚያ ሁሉ ውስጥ የሰማችው ወተቱን ብቻ ነው። እስከ ዛሬም እንደዚያው ናት። "ያንቺ እጅ አይደለም፣ የኔ ነው፤ ያቋረጥኩት እኔ ነኝ" ብላት አትሰማኝም። ሁለታችን በጥፋቱ ስንሻማ ሚኪ ተነሥቶ ወደ ውጭ ይወጣል።

ቀስ በቀስ ዳንኩ። ትኩሳቱ ወረደ፣ መግሉ ደረቀ፣ ምግብ ጣመኝ። ከጎኔ የተኛች አንዲት አሮጊት ልጆቿ ያመጡላትን ሾርባ "አብረን ካልበላን አልበላም" እያለች ግማሹን ለኔ ታደርገው ነበር። ሐኪሟም ከሥራ ስትወጣ ሳታየኝ አትሄድም። ለመዳኔ የሚመሰገን ሰው ቢጠየቅ ብዙ ስም አለኝ።

ስጠነክር የንቅለ ተከላው ክፍል አስጠራኝ። አዲስ ምስል ተነሥቼ ነበር። ትልቁ ሐኪም፣ ፀጉራቸው የሸበተ፣ ፎቶውን ብርሃን ላይ አድርገው አሳዩኝ። ቀኝ ኩላሊቴ ላይ ጠባሳ ቀርቷል።

"እንግዲያው ግራውን ውሰዱ" አልኳቸው።

"ግራውን ወስደን አንቺን በጠባሳው ላይ ጥለንሽ አንሄድም ልጄ።"

"የተጎዳውን ስጡት። ከምንም ይሻላል።"

"አይሻልም። ለሱም አይሆነውም።"

"የራሴ ገላ አይደለም እንዴ? እኔ ፈቅጃለሁ እኮ!"

"አንቺ ፈቅደሻል፤ እኛ ግን አንፈቅድም" አሉኝ፤ ቁጣ ግን አልነበረባቸውም።

ያቺ ስልክ የምትደውልልኝ ነርስ እዚያው ጥግ ላይ ቆማ ነበር። ኮሪደር ላይ ተከትላኝ ወጣች። "ብርድ ስትይኝ ጉንፋን ነበር የመሰለኝ" አለች፤ ዓይኗ ቀልቷል። "ሽንቴ ብትይኝ ኖሮ በዚያው ቀን ነበር የማስመጣሽ።" አቅፌያት አለቀስን። ሁለታችንም አዲስ አበባ ተወልደን ያደግን፣ በአማርኛ የተነጋገርን ሰዎች ነን።

ለሚኪ እኔው ራሴ ነገርኩት። ክፍሉ ውስጥ ሸሚዝ እየተኮሰ ነበር። ጨርሼ እስክናገር ካውያውን አላስቀመጠም። ከዚያ ከሶኬቱ ነቀለው።

"ተናድጃለሁ ሰኒ" አለኝ። "አልዋሽሽም። በማን እንደተናደድኩ አላውቅም፤ ግን በጣም ተናድጃለሁ። ዛሬ ተዉኝ።"

በሩን ዘጋው። እማዬ በሩ ሥር ቁጭ ብላ ዋለች። እኔ ማሽኔ ላይ ተቀምጬ ያልተሰፋውን ሁሉ ሰፋሁ። በነጋታው ወጥቶ "ሻይ አለ?" አለ። ቀዳሁለት። ብርጭቆውን እያቀበልኩት፣ "ያን ቀን ያልኩህን... ለኩላሊትህ ነው ያልኩህን..." ብዬ ጀመርኩ።

"ለሁለታችሁም ነበር የተጨነቅኩት" አለኝ። "ላንቺም ለሷም። መለየት አቅቶኝ ነበር። ለዚህ ነው ዝም ያልኩሽ፤ መልስ አልነበረኝማ።"

ከዚያ ወዲህ አንድ የአጎታችን ልጅ ተመረመረ፤ አልገጠመም። አንዲት የአክስታችን ልጅ እስቲ ልመርመር ብላለች፤ ባሏ እያስቸገራት ነው፤ አልፈርድባትም። ሚኪ እጥበቱ ላይ ነው። የሆቴሉ ቦታ ለሌላ ሰው ተሰጠ። ሸሚዙን አሁንም እሰፋለታለሁ፤ አንገቱን በየጊዜው አጠብበዋለሁ።

እናንተ ደግሞ፣ በተለይ እህቶቼ፣ አንድ ነገር ስሙኝ። ሽንታችሁ ሲያቃጥላችሁ "ብርድ" አትበሉት። ሽንቴ ያቃጥለኛል በሉ፤ ወንድም ቢሰማ ይስማ፣ ምን ያመጣል! ሽንታችሁ ይታይ። ሐኪም ካዘዘላችሁ እንዳዘዘው ጨርሱት፤ በውኃ ዋጡት፤ ስለ ወተትና ስለ እርጎ ጠይቁ። መሳቢያችሁ ውስጥ የተረፈ ሲፕሮ ካለ ለጎረቤት እንዳታቀብሉት፤ ለራሳችሁም እንዳታስተርፉት። ያ መድኃኒት ነፍስ ያዳነ መድኃኒት ነው፤ ያጠፋነው እኛ ነን፤ ከኔ ቤት የወጣችው ባክቴሪያ ስንት ሰው ጋ ትደርስ ይሆን እያልኩ አስባለሁ። ውኃም ጠጡ። ቁልፉን ጠይቁ።

ባለፈው የመጨረሻ ቀጠሮዬ ነበር። ሐኪሟ የሽንቴንም የደሜንም ውጤት አይታ ፈገግ አለችና "ጨርሰሻል። ሙሉ በሙሉ ድነሻል፤ አንድም ባክቴሪያ የለም። እንኳን ደስ አለሽ" አለችኝ። አመሰገንኳትና ወጣሁ።

የእጥበቱ ክፍል እዚያው ፎቅ ላይ ነው። ሚኪ ደጁ ላይ ተራውን እየጠበቀ ነበር። ሲያየኝ አግዳሚው ላይ ጠጋ ብሎ ቦታ ለቀቀልኝ።

"ምን አሉሽ?"

"ድነሻል አሉኝ።"

"እሰይ!" አለ። ከልቡ ነበር፤ ፊቱ ሁሉ በራ፤ ትከሻዬን ይዞ ወዘወዘኝ። "እሰይ የኔ እህት!"

የእጥበቱ ክፍል ነርስ በሩን ከፍታ ስሙን ጠራች። ጃኬቱን አውልቆ ጭኔ ላይ አስቀመጠና ገባ። በሩ ተዘጋ፤ እኔ ጤነኛዋ ጃኬቱን ይዤ እስኪወጣ ልጠብቀው ተቀመጥኩ።